መናገሻውን ሳያዩ ማለፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሲገባ የሚሆነው ነገር ለመንገደኛ ሁሉ የታወቀ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ቁርስ! ሃያ ደቂቃ!» ይላል። ጋቢ ያለው ይከናነባል፣ የሌለው እጁን ኪሱ ይከታል። ፍርፍርና ሻይ በጥድፊያ ይታዘዛል፤ ግማሹ ሳይበላ ክላክሱ ይጮኻል። የራሱን መኪና የሚነዳውም ልማዱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ነዳጅ ይሞላል፣ ጥብስ ይበላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ጣርማ በር ያቀናል። አንድ ንጉሠ ነገሥት የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉበት ስፍራ ከምግብ ቤቱ በእግር እንደሚደረስ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ይህ የመንገደኛው ጥፋት ብቻ አይደለም። ከተማዋም አልጠራችውም።

ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ለማየት የዴንማርክን ዋና ከተማ ኮፐንሃገንን ማንሳት ይጠቅማል። በሞቃቱ ወራት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላንገሊኒ በተባለው ወደብ ይቆማሉ። ተሳፋሪው ጠዋት ወርዶ ማታ ይሳፈራል፤ ከተማዋን ዳግም ላያያትም ይችላል። ቢሆንም ብዙው ሰው ታክሲ አይፈልግም፤ በእግሩ ይወጣል። ከወደቡ ትንሽ ራቅ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1913 የቆመውን የትንሿን የባሕር ልጃገረድ ሐውልት ያገኛል። የኮከብ ቅርጽ ያለውን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምሽግ አልፎ የንጉሣውያኑን መኖሪያ አማሊየንቦርግን ያያል። ቀጥሎ በየቀለሙ የተቀቡ ቤቶች ወደተደረደሩበት የኒሃቭን ቦይ ይደርሳል፤ ጥቂት እንደሄደም ስትሮየት ወደተባለው የገበያ መንገድ ይገባል።

ስትሮየት ራሱ ብዙ የሚያስተምር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ሲዘጋ ነጋዴዎቹ «ገበያችን ሊሞት ነው» ብለው አጥብቀው ተቃውመው ነበር። መጀመሪያ የተዘጋው ለሙከራ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ውሳኔው ቋሚ ሆነ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መንገድ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የእግረኛ መንገዶች አንዱ ነው። የተፈራው የገበያ ሞትም አልመጣም፤ በእግሩ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያያል፣ ይገባል፣ ይገዛል።

ደብረ ብርሃን በሀብት ከኮፐንሃገን ጋር አትወዳደርም። በመናገሻነት ዕድሜ ግን ብዙም አታንስም። ኮፐንሃገን የዴንማርክ ነገሥታት መቀመጫ የሆነችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱትም በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ድንኳናቸውን እየነቀሉና እየተከሉ ከአገር አገር የሚዞሩ ነበሩ። ዘርዓ ያዕቆብ ግን በዚህ ብርዳም ሜዳ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት አብዛኛውን ተቀምጠውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1468 እዚሁ አረፉ። ደብረ ብርሃን የተመሠረተችው ጎንደር ከመቆርቆሯ ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው።

የከተማዋ ስም አመጣጥም ለእንግዳ ሊነገር የሚገባው ነው። ንጉሡ የዘመኑን የቤተ ክህነት ሥርዓት አንቀበልም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በድንጋይ ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ይህን የእግዚአብሔር ምልክት አድርገው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1456 በምድር አቅራቢያ ካለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ታሪኩ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነው። ሁለቱም ወገን ሳይሸፈን ሊነገር ይገባል፤ አዋቂ እንግዳ የሚያከብረው እንዲህ ያለውን አነጋገር ነው።

«ግን ምን የሚታይ ነገር አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት እንደ ፋሲል ግንብ ቆሞ አይታይም። የሚታየው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ በሥዕል የተሞላ ነው። ጫማን በር ላይ አውልቆ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ መታገሥ አለበት፤ ከዚያ ቅዱሳኑ በየተራ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ወጥቶ ወደ ከተማው ሲዘልቅ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት አለ። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም አለ፤ በኢትዮጵያ ስንት ሰው በዚያ ፋብሪካ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዳደገ ማን ይቆጥረዋል? ገበያ ውስጥ የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ ባና ይሸጣል። እጅ ሲነካው ይሻክራል፣ ክብደቱም ትከሻን ያጎብጣል፤ በውርጭ ሌሊት ግን የሚስተካከለው የለም። ከከተማዋ ዳር በሬሳ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሳይቸኩሉ ለማየት ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ ቢሄድ ይመረጣል።

ለመሆኑ የሰሜን ሸዋ ሰው ስለ እግር ጉዞ ማን ሊያስተምረው ይችላል? አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ሲያስደንቅ ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን ደግሞ ከስዊድን የመጣ ሰው ነበር። ስካንዲኔቪያና ሸዋ በእግር ጉዳይ ቀድሞውንም ተዋውቀዋል። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፍ ስንቱ መንገደኛ ግን ይህን ያውቃል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው የመናገሻዎቹ ብዛት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በቀድሞ ዘመን በቅሎ በአንድ ቀን በሚደርስበት ርቀት ውስጥ፣ የሸዋ ነገሥታት ተራ በተራ ተቀምጠዋል። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ ናት። ምኒልክና አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የተስማሙባት ልቼም ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለችም። በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ አንኮበር ይገኛል።

አንኮበርን በመኪና መስኮት አይቶ አየሁ ማለት አይቻልም። መንገዱ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለው የገብስና የባቄላ አገር ላይ ይሄድ ይሄድና በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ሥራ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ዙሪያውን ገደል ነው፤ ጠመዝማዛው ቀጭን መንገድ በዛፍ ጥላ ውስጥ ይወጣል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያንሸራትታል። ጫፉ ላይ ወደ ምሥራቅ የዞረ ሰው የአፋር ቆላ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ያያል፤ ነገሥታቱ ይህን ስፍራ ለምን እንደመረጡ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከባሕር በኩል የሚመጣ ጦርም ሆነ ነጋዴ ከእይታቸው አያመልጥም ነበር።

የመጣውም ብዙ ነበር። ከኮረብታው ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኘው አልዩ አምባ የአፋር፣ የአርጎባና የሐረር ነጋዴ ከደገኛው ጋር የሚገናኝባት ገበያ ነበረች፤ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው በግመል ተጭኖ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ መጥቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ጣሊያናዊው የእንስሳት ተመራማሪ አንቲኖሪ ምኒልክ በሰጡት በልጥ ማረፊያ ናሙና ሲሰበስብና ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄደው ነበርና ተከትሏቸው ሄደ። የውጭ አገር ተጓዥ እነዚህን ስሞች ከመጻሕፍት ያውቃቸዋል፤ ቦታው ላይ ሲቆም ግን ስማቸውን የሚነግረው ሰሌዳ ያስፈልገዋል።

ወፍ ለማየት የሚመጡት እንግዶች ከሌላው ቀድመው ነቅተዋል። በአንኮበር ስም የተጠራችው ትንሽ ወፍ በሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አትገኝም። እርሷን ለማየት ከሩቅ አገር መጥቶ በማለዳ ገደል አፋፍ ላይ በትዕግሥት የሚቆም ሰው አለ። አንድ እንግዳ ለአንዲት ወፍ ይህን ያህል ከተጓዘ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ለአራት መናገሻዎች ግማሽ ቀን ቢሰጥ አይበዛበትም።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ሰላምን መዝለል አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን ብዙ ጊዜ አስፈሪ አድርጎታል። ደብረ ብርሃንም ከሌላ አካባቢ ለተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች መጠለያ ሆናለች። መንገደኛ ሰግቶ በሚያልፍበት አገር በእግር ዞሮ ማየት የሚታሰብ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ነዋሪው ራሱ በሰላም ወጥቶ መግባት አለበት። ይሁን እንጂ ዝግጅት ሰላም እስኪወርድ መቀመጥ የለበትም። እንግዳ ሲመለስ ሰሌዳ የሌለው ጎዳናና የተዘጋ በር ቢጠብቀው ያኔ ማንም የሚያሳብብበት አይኖረውም።

በአገሪቱ ከተሞች የተያዘው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድን ያሰፋል። መልካም ነው። ግን ሰፊ መንገድ ብቻውን እንግዳን አያስቆምም፤ የት እንደሚያደርስ መታወቅ አለበት። የደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር ከዋናው አስፋልት ተነስቶ በሥላሴ፣ በገበያውና በፋብሪካው በኩል አድርጎ በበሬሳ የሚመለስ አንድ የእግር መስመር ቢወስን፣ በየማዕዘኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ቢያቆም ወጪው ከአንድ አደባባይ ማስዋቢያ አይበልጥም። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ሊያዘጋጁት ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ከቅዳሴ ውጭ ያሉትን የመግቢያ ሰዓቶች በር ላይ ቢለጥፍ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጉዞ ማኅበር ቀኑን አስቀድሞ ያቅዳል። ምግብ ቤቶቹም እንግዳውን በስስት መያዝ አይኖርባቸውም፤ ሁለት ሰዓት በእግሩ ዞሮ የሚመለስ ሰው ተርቦ ነው የሚመለሰው።

የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ምናልባት ጊዜ አይኖረውም፤ እርሱን ማስገደድም አይገባም። ወደ ላሊበላና ግሸን የሚጓዙት ማኅበራት፣ ቅዳሜና እሑድን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ማሳለፍ የሚፈልጉ ቤተሰቦች፣ ተማሪ ይዘው የሚወጡ ትምህርት ቤቶች ግን ጊዜው አላቸው። 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ደብረ ብርሃንን በእግር አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ አንኮበርን ወጥቶ፣ እዚያው አካባቢ ማደር ይቻላል።

አንኮበር ላይ ደግሞ ከሰሌዳ ይልቅ ሰው ያስፈልጋል። የኮረብታውን መውጫ፣ የማርያምንና የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን የቀድሞ የነጋዴ መንገድ ከአካባቢው ከተማ ከጎረቤላ ወጣቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወረዳው አሠልጥኖ መታወቂያ ቢሰጣቸው፣ ክፍያውም በግልጽ ተለጥፎ እንግዳ ሳይከራከር የሚከፍለው ቢሆን፣ ከገቢው የተወሰነው ደግሞ መንገዱ በማሳቸው ጫፍ ለሚያልፍባቸው ገበሬዎች ቢደርስ፣ ገበሬው መተላለፊያውን አያርሰውም፤ ክረምት የናደውንም ድንጋይ ራሱ መልሶ ይክበዋል።