የመራጮች መዝገብ ለተመልካች ሁሉ

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የመራጮች መዝገብ ሊመረምረው ለወደደ ሁሉ የተከፈተ ሲሆን፣ በጠቅላላ ምርጫ ዓምድ የሰፈረችው የኤክስ ምልክት መራጩ ድምፅ መስጠቱን፣ በቅድመ ምርጫው ዓምድ የምትታየው ፊደል ደግሞ የየትኛውን ፓርቲ የድምፅ ወረቀት እንደ ወሰደ ብቻ ታስረዳለች፤ ለማን እንደ ሰጠ ግን በኅሊናው የተሰወረ ምስጢር ነውና ከቶ አይጻፍም። ሁለት ዓመት ሳይመርጥ ቆይቶ የማረጋገጫ ደብዳቤ የተላከለት ዜጋ፣ መልስ ሳይሰጥና ሳይመርጥ ሌላ አራት ዓመት ቢያልፈው ስሙ እንዲፋቅ የሚያዘውን የግዛቲቱን ሥርዓት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል፤ ብያኔው፣ በእኛ አስተያየት፣ ቤት እየለወጠ ለሚኖር ድኻ እጅግ የከበደ ነው። በኦሃዮዋ ከተማ በኮሎምበስ የምትኖሩና የአገሪቱን ዜግነት የተቀበላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ ምዝገባው ከምርጫው 30 ቀን አስቀድሞ ይዘጋልና ስማችሁንና አድራሻችሁን ዛሬውኑ መርምሩ።