ሜክሲኮ መግባት ቀላል ነው፣ መመለሻውን አስቡ

ሰመር መጣ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ የውስጥ መስመሬም እንደ ዓመቱ ልማዱ «ቲቸር፣ በመኪና ሜክሲኮ ልንሄድ ነው፣ ምን እንያዝ?» በሚል ጥያቄ ተሞላ። ለእያንዳንዳችሁ በየተራ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ሜክሲኮ መጀመሪያ የታክሲ ረዳት ጥሪ ናት። አደባባዩ በስሟ የተጠራው ግን እንዲሁ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የሜትሮ ጣቢያ አለ። ስለዚህ «ሜክሲኮ ምን ሊሠራልህ?» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሂዱ፣ እዩ፣ ዓሣውንም ብሉ።

የማልስማማው በአስተቃቀዳችሁ ነው። ሁላችሁም የምትጀምሩት ከሆቴሉ፣ ከባሕሩና ከፎቶው ነው። እኔ የምለው ጉዞው መታቀድ ያለበት ከመመለሻው ነው። መመለሻው ደግሞ የሚለካው መኪናው ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች ወረቀቱ በጣም ደካማ በሆነው ሰው እንጂ በሾፌሩ ፓስፖርት አይደለም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። ከሳን ዲዬጎ በፍሪዌይ 5 ወደ ደቡብ ስትነዱ ሳን ኢሲድሮ ትደርሳላችሁ። ወደ ሜክሲኮ ሲገባ ብዙ ጊዜ «ፓስፖርትህን አሳይ» የሚል ሰው እንኳ አይገጥማችሁም። አረንጓዴ መብራት ከበራ ትነዳላችሁ፣ ቀይ ከበራ ዕቃችሁ ይፈተሻል፣ አለቀ። በደቂቃዎች ውስጥ ቲኋና ናችሁ። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «አየህ፣ ማንም አልጠየቀን!» ይባላል። ጥያቄው ያለው በመመለሻው ነው። ሳን ኢሲድሮ ከዓለም እጅግ ከሚጨናነቁ የየብስ ድንበሮች አንዱ ነው። ሰልፉ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ መጨረሻው ላይም መኮንኑ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ሰነድ ያያል።

አሁን መኪናውን እንሙላው። አምስት ጓደኛሞች ናችሁ እንበል።

አንዷ ዜጋ ናት። ፓስፖርቷን ወይም የፓስፖርት ካርዷን ትያዝ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ዜጋ ልጅ በመኪና ሲመለስ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይበቃዋል፣ ሜክሲኮ ግን ፓስፖርት ስለምትጠይቅ ለልጁም ቢያወጡለት ይሻላል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ በኖታሪ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይኑረው።

ሁለተኛው ግሪን ካርድ አለው። ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ከካርዱ ጋር ያልተቃጠለ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ስንቶቻችን ነን ፓስፖርታችን መቼ እንደተቃጠለ እንኳ የማናውቀው? ደግሞም ግሪን ካርዱን በጥገኝነት በኩል ያገኘ ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከመጓዙ በፊት ጠበቃ ያማክር። ለእሱ የተዘጋጀው ትራቭል ዶክመንት የምንለው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው።

ሦስተኛዋ ጥገኝነቷ ጸድቋል፣ ግሪን ካርዷ ግን ገና አልመጣም። ትራቭል ዶክመንቷን በእጇ ሳትይዝ ንቅንቅ ማለት የለባትም። ከዚያም በኋላ ሜክሲኮ ቪዛ ትጠይቃት እንደሆነ አስቀድማ ቆንስላውን ትጠይቅ።

አራተኛው ላይ ቆም እንበል። ይህ ልጅ ኬዙ አላለቀም። የሥራ ፈቃድ አለው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ አለው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ታክስ ይከፍላል፣ ከሁላችሁም የተሻለ መኪና ይነዳል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የጉዞ ሰነድ አይደለም። የጥገኝነት ማመልከቻው ሳይወሰን፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ስንት ዓመት የጠበቀው ነገር ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ታኮ ሊሄድበት ይችላል። ፈቃዱን ቢያገኝ እንኳ ጠበቃው «ሂድ» ሳይለው አይሂድ።

አምስተኛዋ ደግሞ ዳኛ ፊት ቀርባ «ዊዝሆልዲንግ» የተሰጣት ናት። ብዙ ሰው ይህን ከጥገኝነት ጋር ያምታታዋል። ዊዝሆልዲንግ ያለው ሰው ላይ የመባረር ትዕዛዙ እንዳለ ነው። የተከለከለው ወደ አገሯ መላኳ ብቻ ነው። ድንበሩን በራሷ ፈቃድ ከተሻገረች ትዕዛዙን ራሷ እንደፈጸመችው ይቆጠራል። ማንም አላባረራትም፣ በጓደኞቿ መኪና፣ ሙዚቃ እየሰማች፣ ራሷን አባረረች ማለት ነው።

«ታዲያ እነሱ ራሳቸው አይናገሩም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አይናገሩም! ዋናው ነጥቤም ይኼ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው፣ ወረቀት የለኝም ማለት ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። ሰው ከቤተሰቡ እንኳ ይደብቀዋል። ነውሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሰው ኬዝ ወሬ ሆኖ ሲዞር፣ በጠብ ጊዜ ማስፈራሪያ ሲሆን አይተናል። ስለዚህ «ሁላችሁም ኖ ፕሮብለም ናችሁ አይደል?» ተብሎ ቡድኑ ላይ ሲጻፍ፣ ልጁ አውራ ጣት ይልካል። ሌላ ምን ይበል? አርባ ሰው ፊት ምስጢሩን ይዘርግፍ? አንዳንዱ ደግሞ ምስጢር ስላለው ሳይሆን ሕጉን ስለማያውቅ ነው ዝም የሚለው። «መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ» ይላል በሙሉ ልቡ።

ስለዚህ አስተባባሪ የሆነ ሰው ኃላፊነት አለበት ባይ ነኝ። ሆቴል ከመያዙ በፊት፣ ማንም ገንዘብ ሳያዋጣ፣ ማን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልገው ዝርዝሩን ለሁሉም ይላክ። ማንንም በስሙ አይጥቀስ። ከታች አንዲት መስመር ይጨምር፦ «መምጣት የማይችል ሰው ምክንያት እንዲነግረን አንጠይቅም።» ከዚያም ቃሉን ያክብር። «ለምን ቀረህ? ኧረ ና! ሒሳቡን እኔ እችልሃለሁ!» የሚባለው የአበሻ ግፊት እዚህ ላይ ደግነት አይደለም። ሰውዬው እምቢ ሲል ደስ እንዳሰኛችሁ አድርጋችሁ ተቀበሉት።

«እሺ፣ እሱ ሳን ዲዬጎ ሆቴል ይጠብቀን» የሚሉም አሉ። ይህም ያስባል። ወደ ሎስ አንጀለስ ስትመለሱ በፍሪዌይ 5 ላይ ሳን ክሌሜንቴ አካባቢ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ። ተረኛው ቢያስቆማችሁ ስለሁላችሁም መጠየቅ ይችላል። ልጁ ቢያንስ የሥራ ፈቃዱን በኪሱ ይያዝ። ሌላም ነገር አለ፦ ድንበሩ አጠገብ ስትነዱ «የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ» የሚል ምልክት ታያላችሁ። እሱን ካለፋችሁ በኋላ መዞሪያ የለም። መንገድ ስተው የተሻገሩ ሰዎች አሉ። ወረቀቱ ያላለቀ ሰው ይዛችሁ «ድንበሩን በሩቁ እናሳየው» አትበሉ፣ አትጫወቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቹ። ለእናንተ ቲኋና መዝናኛ ናት። ከእኛ መካከል ግን ከብራዚል ተነስተው፣ የዳሪየንን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው፣ ታፓቹላ ላይ ወረቀት ጠብቀው፣ መጨረሻ ቲኋና የደረሱ ልጆች አሉ። ዛሬ ዜጋ ሆነው ሊሆን ይችላል። «እዚያ አልመለስም» ካሉ ወረቀት አይደለም የቸገራቸው። አትከራከሯቸው።

ሰዎቹ ከተስተካከሉ መኪናው ቀላል ነው። ባጭሩ ላስቀምጠው።

የአሜሪካ ኢንሹራንሳችሁን የሜክሲኮ ሕግ አይቀበለውም። የሜክሲኮ ኢንሹራንስ ለምትቆዩበት ቀን ብቻ ከቤት ሳትወጡ ኦንላይን ይገዛል፣ ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ። ሰው የተጎዳበት አደጋ ከደረሰ ጥፋተኛውና ካሳው እስኪጣራ ሾፌሩ ሊታሰር ይችላል። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ደግሞ አከራዩ ድንበር መሻገር መፍቀዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ብዙዎቹ አይፈቅዱም።

ኤፍኤምኤም የሚባለውን የመግቢያ ፎርም ማንም ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ ኢሚግሬሽን ቢሮው ገብታችሁ አሠሩት። በየብስ ለሚገባ እስከ 7 ቀን በነጻ ነው።

ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ማለትም ሮዛሪቶና ኤንሴናዳ፣ ለመኪናው የተለየ ፈቃድ አይፈልግም። ከድንበሩ አካባቢ አልፋችሁ ወደ ውስጥ ከዘለቃችሁ ግን ባንሄርሲቶ ከሚባለው ባንክ ጊዜያዊ ፈቃድ ታወጣላችሁ። መኪናው የ2007 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ 400 ዶላር ዲፖዚት ይያዛል። ስትመለሱ ፈቃዱን ካልመለሳችሁ ብሩ ይቀራል። መኪናው ገና የባንክ ዕዳ ካለበት ከባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የጦር መሣሪያ የሚባል ነገር፣ አንዲት ጥይት እንኳ ብትሆን፣ መኪናው ውስጥ እንዳይገኝ። በተለይ ቴክሳስና አሪዞና ያላችሁ ወንበር ሥር ሳይቀር ፈትሹ። የአሜሪካ የመሣሪያ ፈቃድ እዚያ ምንም አይደለም፣ እስር ቤት ነው የሚያስገባው።

መንዳቱን በቀን ጨርሱት። «ኩዎታ» የሚል ካያችሁ የክፍያ መንገድ ነው፣ «ሊብሬ» ነጻው ነው። ከፍላችሁ ሂዱ፣ ይሻላል። «ቶፔ» የሚባለው የፍጥነት መግቻ ምልክት ሳይኖረው ድንገት ይመጣል፣ አገር ቤት የነዳ ሰው ግን አይደነቅም። ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር መሆኑን አትርሱ። መኪና መንገድ ላይ ከተበላሸ 078 ደውሉ፣ «አረንጓዴ መላእክት» የሚባሉ የመንግሥት የመንገድ ረዳቶች ይመጣሉ። ለሌላው አደጋ እዚያም 911 ነው።

ስለ ደኅንነቱ ለሚጠይቁኝ፦ ሜክሲኮ አንድ ቦታ አይደለችም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ግዛት የተለየ ደረጃ ይሰጣል። ታማውሊፓስና ሲናሎዋ «አትሂዱ» ከሚባሉት ናቸው፣ ዩካታን ደግሞ ዝቅተኛ ስጋት ካላቸው። ስለዚህ «ሜክሲኮ አደገኛ ነው» የሚለውንም «ምንም የለም» የሚለውንም ትታችሁ፣ በምትሄዱበት ሳምንት የምትሄዱበትን ግዛት ራሳችሁ አንብቡ።

ዝርዝሩን ልካችሁ አንድ ሁለት ሰው ቢቀር ሁለት ምርጫ አላችሁ። የምትችሉት ትሄዳላችሁ፣ ወይም ለዘንድሮ ቦታውን ትቀይራላችሁ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ዮሰሚቲ አለ፣ ጆሹዋ ትሪ አለ፣ ግራንድ ካንየን አለ። ሁሉም ድንበር ሳይሻገሩ የሚደረስባቸው ናቸው። ኤንሴናዳ ለከርሞም እዚያው ናት። የጓደኛችሁ ኬዝ ግን አንዴ ከተበላሸ በይቅርታ አይመለስም፣ እናንተም ዕድሜ ልካችሁን የማትረሱት ጸጸት ይሆናል።

ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የእኔን ጽሑፍ እንደ ጠበቃ ቃል አትውሰዱት። የራሳችሁን ኬዝ ይዛችሁ ጠበቃ ጠይቁ። ሰመር ላይ ጉዞ የሚያስተባብር ሰው ካወቃችሁ ግን ይህን አድርሱልኝ፣ ሆቴሉን ሳይከፍል በፊት።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ተመለሱ።