ቅቤው ይቀነስ፣ ቁሌቱ ይብሰል

በዓል ሲቃረብ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ያሉ ባለሙያዎች፣ የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል ችግር ያለበት ሰው በቤታቸው ካለ፣ ዶሮ ወጡን እንዴት እናቅልለው ብለው ይጨነቃሉ። አንዷ ቅቤውን በዘይት ትተካለች፤ ሌላዋ 12ቱን ብልት ትታ ከሱፐርማርኬት የደረት ሥጋ ብቻ ትገዛለች። ሁለቱንም አልደግፍም። ዘይት የስቡን ዓይነት ይለውጥ እንጂ መጠኑን አይቀንስም፤ ደረት ብቻውን ደግሞ ረጅም እሳት ላይ ይደርቃል። ቆዳውንማ ድሮም ገፈን፣ በሎሚና በጨው አጥበን ነው የምንሠራው። የወጡ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ቅባት፣ እንዳይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ለሰዓታት ያማስሉታል፤ በርበሬው ሲገባም ጥሬነቱ እስኪለቅ አይቸኩሉም። ብዙ ቅቤ የሚፈልገው በጥድፊያ የተሠራ ቁሌት ነው፤ የሽንኩርቱን ጥሬነት የሚሸፍንለት ሌላ ነገር የለውማ! በደንብ ለበሰለ ቁሌት ግን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ መጨረሻ ላይ ከመከለሻው ጋር ሲገባ፣ ለአንድ ዶሮ ይበቃል። በተለይ በፋሲካ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሆድ ባዶውን በቅቤ ሲጥለቀለቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰቃየው ብዙ ነው። ስለዚህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ለዘንድሮው በዓል ሾላ ገበያ ስትወርዱ የቅቤውን ግማሽ ትታችሁ ሽንኩርት ጨምሩ፤ ድስቱንም በዋዜማው በጊዜ ጣዱት።