የፖሊስ ቀለብ ከማን ይምጣ?

ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ለክትትል የሚሆን ነዳጅ የለንም» የሚል መልስ ቢያገኝ ዛሬ የሚደነቅ የለም። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ተነሥቶ «ሞተሩን እኔ ልግዛላችሁ፤ ነዳጁንም እኔ እችላለሁ፤ ሌባውን ብቻ ያዙልን» ቢል ማን እምቢ ይላል? በአገራችን የማኅበረሰብ ፖሊስ ቤቶች በነዋሪውና በባለ ሀብቱ መዋጮ ሲሠሩ ማየት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፥ ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። እኛም ስጦታ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን ጭብጨባው ከመጀመሩ በፊት የፖሊስ ቀለብ ከማን እጅ መምጣት እንዳለበት እንዲታሰብበት እንፈልጋለን።

ስርቆቱ ቀላል አይደለም። በደብረ ታቦር አንድ ባጃጅ የአንድ ቤተ ሰብ እርሻ ማለት ነው። በዕቁብ፥ በብድር ወይም በወንድማማች መዋጮ ይገዛል፤ የቤት ኪራዩም፥ የልጆቹ ደብተርም ከእርሱ ይወጣል። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ስርቆትን ስለማይሸፍን፥ ባጃጁ በጠፋ ማግሥት ለባለቤቱ የሚቀረው ሊብሬውና ዕዳው ብቻ ነው። ሌባው ደግሞ ጊዜ አያጠፋም። በአስፋልቱ ወይ ወደ ወረታ ወርዶ የባሕር ዳርን ወይም የጎንደርን መንገድ ይይዛል፤ ወይ በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጋሸና ያመልጣል። ሰሌዳው ከተለወጠ፥ የሻንሲው ቁጥር ከተፋቀ ወይም አካሉ ተፈታቶ በመለዋወጫነት ከተሸጠ በኋላ ፍለጋው ከንቱ ድካም ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነትም የመንገዱን ሥጋት አብዝቶታል። ስለዚህ ፖሊስ መሣሪያና ነዳጅ ያስፈልገዋል በሚለው ክርክር የለንም።

ክርክራችን በሰጪው ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ሬንጅ ሮቨርን የሚሠራው ጃጓር ላንድ ሮቨር የተባለው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. የመኪና ስርቆትን ለሚከታተለው የፖሊስ ሥራ ማጠናከሪያ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መስጠቱን አስታወቀ። የአገሩ የፖሊስ ሕግም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ስጦታ ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ኩባንያው ይህን ያደረገው ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ መኪናዎቹ በብዛት በመሰረቃቸው መድን ሰጪዎች እየሸሹ ገበያው ተቸግሮበት ነበር። ነጋዴ ንብረቱን መጠበቁ አያስነቅፈውም። የሚያሳስበው ለሁሉም የቆመው ፖሊስ ከማን ሌባ እንደሚጀምር የሚወስነው የሰጪው ንብረት እንዳይሆን ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በፋርጣ፥ በእስቴና በጋይንት ገበሬው ሌሊት የሚባንነው ስለ መኪና አይደለም፤ ስለ በሬው ነው። በሬ የተሰረቀበት ገበሬ የዘንድሮውን እርሻ አጥቷል። ታዲያ ለበሬ ሌባ ማሳደጃ ነዳጅ የሚሰጥ የትኛው ኩባንያ ነው? በስጦታ የተገዛው ሞተር የሰጪውን መኪና ፍለጋ ወደ ወረታ ሲከንፍ፥ የበሬው አቤቱታ በመዝገብ ላይ ይተኛል። ይህ ሲደጋገም ፖሊሱ ሳያስበው የከተማና የባለ ሀብት ዘበኛ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል፥ ለበሬውም ለመኪናውም ባለቤት ማለቱ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። በእኛ ዘንድ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ነገ የዚያው ኩባንያ ሾፌር ሰው ገጭቶ ቢሰወር፥ ወይም በመጋዘኑ የተሰረቀ መለዋወጫ ተከማችቷል ተብሎ ቢጠቆም፥ በኩባንያው ሞተር የሚሄደው መርማሪ በሩን በምን ፊቱ ያንኳኳል? ቢያንኳኳ ውለታ ቢስ ይባላል፤ ቢተው ሕግ ይጎድላል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከሁለት ክፉ ነገር መካከል ያቆመው ስጦታው ነው።

ደብረ ታቦር ይህን ትምህርት ከማንም መበደር አያስፈልጋትም። ይህችን ከተማ መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ በገበሬ ቤት እየተመራ ቀለቡን መብላቱን ለማስቀረት፥ በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ ሞክረው ነበር። የታጠቀ ሰው ቀለቡን ከመንግሥት ካላገኘ ሕግ አስከባሪ ሆኖ እንደማይቀር ገብቷቸዋል። ሐሳቡ ግን በገቢ እጦት አልጸናም፤ በ1859 ዓ.ም ጎንደር ራሷ በሠራዊታቸው ተዘረፈች። ያ ሠራዊት የነጠቀው በግድ ነው፤ የዛሬው ስጦታ በፈቃድ ነው። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት መጉደል።

«ታዲያ ግምጃ ቤቱ እስኪሞላ ሌባው ይጫወትብን?» የሚለን ይኖራል። አንልም። አባቶቻችን በአፈርሳታ፥ ወይም በአውጫጭኝ፥ ሌባ ሲፈልጉ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይጠየቅ ነበር፤ ሌባው ካልተገኘም የጠፋውን የሚከፍለው አገሩ በጋራ ነበር። ንጹሑን ከበደለኛው ጋር የሚያስከፍል በመሆኑ እንዲመለስ አንመኝም፤ ሆኖም የሌባ ነገር የአንድ ሀብታም ሳይሆን የሁሉ ዕዳ መሆኑን ያውቅ ነበር። የሚሺጋን ክፍለ ግዛት በአሜሪካ ይህንኑ በዘመናዊ መንገድ ሠርቶታል። በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከያንዳንዱ መድን ከተገባለት መኪና በዓመት 1 ዶላር እየተሰበሰበ፥ የፖሊስ፥ የመድን ሰጪዎችና የመድን ገቢዎች ወኪሎች ባሉበት ጉባኤ በኩል ለስርቆት መከላከያ እንዲከፋፈል ተደረገ። ሁሉም ስለሚከፍል ማንም አዛዥ አይሆንም። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ገጭቶ በተሰወረ መኪና ለተጎዳ ሰው የሚደርስ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። እንግዲህ የተሽከርካሪ ገንዘብ ለጋራ ጥቅም መዋሉ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፥ ለፖሊስ የሚሰጥ ነገር ሁሉ በፋይናንስ ቢሮ በኩል በሞዴል ደረሰኝ ይግባ እንጂ በጣቢያ አዛዥ እጅ አይግባ። ሁለተኛ፥ የሰጪው ስምና የሰጠው መጠን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ 12ኛ አንቀጽ የተጻፈው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፥ በምርመራ ላይ ያለ ድርጅት ስጦታ አይወሰድ፤ በፖሊስ ሞተር ላይም የንግድ ምልክት አይቀባ። አራተኛ፥ ዓመታዊ ቦሎ ሲለጠፍ ከባጃጅ ጥቂት፥ ከትልልቁ መኪና ግን ከፍ ያለ መዋጮ በሕግ ይወሰንና የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ሒሳቡን ይስማ። ከዚያም ገንዘብ ለበሬው ፍለጋ ድርሻ ይመደብ።

ከመካከላችን ሕግና ሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ መምህራኖቻችንም ቢመሩን እንዲህ ያለውን ደንብ አርቅቆ ለምክር ቤቱ ማቅረብ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የሚያደራው ግን ሁላችንም እንሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን ካደራው፥ ከአንበሳው ጋር የምንታሰረው እኛም ነን።