ከጨረታው አንድ ድርሻ ለመጽሐፍ

የቡና ለቀማ ሲደርስ በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ይደምቃል። ምእመኑ ጓሮው ያፈራውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ጀንፈል፣ ሌላዋ ቆጮ፣ ሌላው ዶሮ ወይም ማር። አጫራቹ አንድ ድፎ ዳቦ ከፍ አድርጎ ዋጋ ይጠራል። ያሸነፈው ሰው ግን ዳቦውን ወደ ቤቱ አይወስድም፤ «መልሳችሁ ሽጡት» ብሎ ይመልሳል። ያው ዳቦ ደጋግሞ ይሸጣል። አንዲት ባልቴት ያመጣቻት ዶሮ በጉባኤው ፊት ከገበያ ዋጋዋ በላይ ታወጣለች፤ ትንሹ ስጦታ በብዙ ሰው እጅ ይተልቃል። ስንቱ ጣሪያ የለበሰው፣ ስንቱ አዳራሽ የቆመው በዚህ መንገድ ነው! ከዚህ የተሻለ የገቢ ማሰባሰቢያ አላውቅም።

ታዲያ ከዚህ ጨረታ አንዱ ዙር ለምን ለመጽሐፍ አይሆንም?

«ገጠሬው መቼ ያነባል?» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። በየመንደሩ በምሽት የሚሰበሰበውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እዩት። አንዱ ምዕራፉን በአማርኛ ያነባል፣ ሌላው በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ያብራራል፣ አንዲት እናት ትጠይቃለች፣ ሽማግሌው ከሕይወቱ ምሳሌ ይጨምራል። የንባብ ክበብ ማለት ይኸው ነው። በሶንጎ ጉባኤም ቢሆን የጌዴኦ አባቶች ተራ ጠብቆ መናገርንና ሰው ሲናገር ማዳመጥን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ልምዱ አለ፤ የጎደለው መጽሐፉ ነው።

የተጀመረም ነገር ነበር። በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለማስተማሪያነት ከዋሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር። እርሻ ውሎ ማታ በፋኖስ ፊደል የቆጠረ አባት ዛሬም በመካከላችን አለ። ግን ፊደሉን ከለየ በኋላ ምን ያንብብ? የተማረውን የሚያቆይለት መጽሐፍ በአጠገቡ ስላልነበረ ስንቱ መልሶ ረሳው። ይህ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ደግሞ ስለ ጌዴኦ የተጻፈውን ራሱ ጌዴኦ አለማንበቡ ነው። ታደሰ ኪጴ ካንሼ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ በአንድ ማሳ ተደጋግፈው የሚኖሩበትን የጌዴኦን የመሬት አያያዝ አጥንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. በርዕሱ አምስት ሺህ ዓመትን የሚጠራ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የወርቃና የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ ቡናው በውጭ አገር በቀበሌው ስም ይሸጣል፤ ስለ ገዛ ማሳው የተጻፈው ግን በማያነበው ቋንቋ ተቀምጧል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በክረምት መጥቶ አንዱን ምዕራፍ በጌዴኡፋ ቢተርክለት ገበሬው ስንቱን ያርም፣ ስንቱን ይጨምር ነበር!

ክረምት ያልኩት አለምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ገንዘብ የሚገኘው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ግን ሁሉም ለቀማና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ስለሆነ የሚያነብ አይገኝም። በክረምት ደግሞ ኪስ ይሳሳል፣ ዝናቡ ቤት ያውላል፣ ተማሪዎች ይመለሳሉ። ስለዚህ በለቀማ ይሰብሰብ፣ በክረምት ይነበብ።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለሌላ ነገር አይውልም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሥጋታቸውን አከብራለሁ። ለጣሪያ ተብሎ የተሰጠ ብር ለጣሪያ ይዋል። ለመጽሐፍ የሚሆነው ጨረታው ከመጀመሩ በፊት ተለይቶ ይነገር፤ ሰጪው የሚሰጥበትን ይወቅ። ደግሞም ወንጌልና ፊደል በደቡብ ኢትዮጵያ አብረው የተጓዙ ናቸው። ሚሲዮኖች ጸሎት ቤት በተከሉበት ማንበብ አስተምረዋል፤ በኦርቶዶክሱም ወገን የኔታ ልጆችን «ሀ ሁ» ያስቆጠሩት በደጀ ሰላሙ ነው።

መጽሐፉ የሚቀመጥበትን በተመለከተ ግን ምርጫዬ እድር ነው። በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ቢቀመጥ የሌላው ምእመን ሊሸሽ ይችላል። እድር ግን ሙሉ ወንጌሉን፣ መካነ ኢየሱሱን፣ ቃለ ሕይወቱን፣ ኦርቶዶክሱንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ የያዘ ነው። ወንበር አለው፣ ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ አለው፣ ዕቃ አውጥቶ መመለስንም ለምዷል። ድንኳንና ድስት የሚያውስ እድር መጽሐፍ ለማዋስ ምን ይከብደዋል?

ሰፊ ቤት አያስፈልግም። በሐዋሳ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ለልጆች መጻሕፍት አዙሯል። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ አንድ ጥሩ ድምፅ ይበቃል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችም የሐዲስ ዓለማየሁን ድርሰት ሰምተዋል። መጽሐፍ ከፍቶ ለጎረቤት ማንበብ ለገደብ ወጣት የሚከብድ አይመስለኝም።

ስለዚህ የየአጥቢያው ሽማግሌዎችን፣ የእድር ዳኞችንና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትን እለምናለሁ፤ በሚመጣው ኅዳር አንድ ዙር ጨረታ ለመጽሐፍ ብላችሁ አስጠሩ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የገደብ ልጆችም ለሐምሌ ስትመጡ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ።