በር ቢዘጋም ማዕድ አይዘጋ
በጁባ፣ በማላኪያ ሰፈርና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖች ሁሉ የቀረበ ጥሪ



ሐበሻ ሰው ሲሞትበት ምን ማድረግ እንዳለበት አስተማሪ አያሻውም። ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ሳይጠራ ይመጣል። ጁባ ስንገባም ይህን ጥለን አልመጣንም፤ አስከሬን አገር ቤት እንዲገባ በተዋጣ ቁጥር ያለውም የሌለውም እጁን ዘርግቷል። ሰው በሕይወት እያለ በሩ ሲዘጋበት፣ ሥራው ሲቆምበት፣ ትኩሳት ይዞት በአንዲት ክፍል ሲተኛ ግን ተረኛ አስተናጋጅ የለውም፣ ስሙ የሰፈረበት ዝርዝርም የለም። ጎረቤት ካስታወሰው ይበላል፤ ካላስታወሰው ጦሙን ያድራል።

ዛሬ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለሙታን ያለን ሥርዐት ለሕያዋንም ይኑረን። በማላኪያ የማዕድ እድር እናቋቁም።

በእኛ አቆጣጠር 2012ን እናስታውስ። መጋቢት 16 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚዘልቅ የሰዓት እላፊ በጁባ ተጀመረ። አየር ማረፊያው ለመንገደኛ ተዘጋ። መጋቢት 27 በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ያን ጊዜ ደቡብ ሱዳን አምስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች ሲኖሯት በመላ አገሪቱ የነበረው የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ግን አራት ብቻ እንደነበር ዓለም ሁሉ እየተገረመ ዘግቦታል። የብዙዎቻችን እንጀራ ደግሞ ሰው በመሰብሰቡ ላይ የቆመ ነው፤ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ቡና፣ ሱቅ። ሰው ቤቱ ሲገባ እንጀራችንም አብሮ ቤት ገባ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ በዚያው ሳምንት ረመዳን ገባ። ክርስቲያኑ ያለ እንግዳ ፈሰከ፣ ሙስሊሙ ያለ ጎረቤት አፈጠረ። በልቶ ያደረውም ቢሆን ብቻውን መብላቱ አንገበገበው፤ እኛ ዘንድ ብቻ መብላት ከማጣት ብዙም አይሻልምና።

ያ አለፈ የሚል ይኖራል። በዚህ ከተማ በር የሚዘጋው በኮሮና ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። በታኅሣሥ 2006 ተኩስ ዘጋው። በሐምሌ 2008 እንደገና ተኩስ ዘጋው። በጥር 2013 መጨረሻ ኮሮናው ሲያገረሽ መንግሥት ስብሰባ ከለከለ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ አምልኮ ዘጋ። በጥቅምት 2017 የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ ታወጀ። ቀጣዩ መቼ እንደሚሆንና በምን ሰበብ እንደሚመጣ አይታወቅም። ያን ቀን ማን ለማን እንደሚያበስል ግን ዛሬ ልንወስነው እንችላለን።

ሌሎች አድርገውታል። በ2012 ቤሩት ላይ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጥሏቸው፣ ፈጥነው ከደረሱላቸው መካከል ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ እህቶቻቸው ይገኙበታል። «እኛ ለእኛ በስደት» በሚባለው ማኅበራቸው አስቤዛ ገዝተው በየቤቱ አደረሱ፣ የቤት ኪራይም ሸፈኑ። ከእኛ የተሻለ ገቢ፣ ከእኛ የሰፋ ነፃነት አልነበራቸውም። የነበራቸው ስም ዝርዝርና ስልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ በየክፍለ ከተማው የምግብ ባንክ ተከፈተ፤ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ጥሪ በየሰፈሩ ተሰማ፤ የቤት ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ። ኔፕልስ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ሰዎች ከሰገነታቸው ላይ ቅርጫት በገመድ ወደ መንገድ ያወርዱ ነበር፤ ያለው ይጨምርበታል፣ የሌለው ያነሣበታል። ማን እንደጨመረ፣ ማን እንዳነሣ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የእኛ ሰው ከረኀብ ይልቅ ይሉኝታ ያሸንፈዋል። «በልቻለሁ» ብሎ ባዶ ሆዱን የሚያድር፣ «ደህና ነኝ» እያለ ትኩሳቱን የሚደብቅ በየግቢው አለ። ስለዚህ በማዕድ እድራችን «ረጂ» እና «ተረጂ» የሚል መዝገብ አይኑር። ሁሉም አባል ነው፤ ሁሉም ተራ አለው፤ ሁሉም ይሰጣል፤ ሁሉም ይቀበላል። ገንዘብ ያጠረው እንጨትና ከሰል ያቀርባል፣ ምግቡን ተሸክሞ ያደርሳል፣ ድስት ያጥባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ግቢ አንድ ተጠሪ ይምረጥ። ተጠሪው ብቻውን የሚኖረውን፣ አራሷን፣ ሕፃናት ያሉበትን ቤት፣ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ይመዝግብ። ዝርዝሩ በሁለት ሰው ስልክና በአንድ ደብተር ላይ ይሁን፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደብተሩ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ሰባት ግቢ አንድ ላይ ይቧደን፤ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይድረሰው። በዚያ ቀን ለቤቱ ከሚሠራው ላይ ጥቂት አትርፎ ይሥራ። በደህናው ጊዜ ለታመመና ለወለደች ብቻ ይሁን፤ በር ሲዘጋ ለሁሉም ይሁን።

ሦስተኛ፣ የጋራው ድስት የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ሥጋ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በሁለት ማዕድ ያስቀምጠዋል፣ ረቡዕና ዐርብም ጿሚው አይበላውም። የጾም ወጥ ግን ማንም አይመልሰውም፤ ዋጋውም ይቀላል።

አራተኛ፣ መዋጮው በዐይነት ይሁን። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ዛሬ የሚገዛውን ነገ እንደማይገዛ ሁላችን በኪሳችን አይተነዋል። በገንዘብ የተቀመጠ ተቀማጭ እያደር ይሟሟል፤ በደንብ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ምስር ግን የክፉ ቀን ስንቅ ይሆናል። ከዩጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚገባው ጭነት በ2012 ሾፌሮች እስኪመረመሩ ድንበር ላይ ሲዘገይ ስንቅ የያዘው ቤት ምን ያህል እንደተጠቀመ አትርሱ።

አምስተኛ፣ ንጽሕና ከሁሉም ይቅደም። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል፤ እዚህ ደግሞ ውኃችን በቦቴ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሚላከው ምግብ የፈላ፣ የተንተከተከ፣ በትኩሱ የሚደርስ ይሁን። ጥሬ ሰላጣ አንላክ። ከመሥራታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ የታመመ ሰው ተራውን ለሌላ ይስጥ። ምግቡ ክዳን ባለው ምሳ ዕቃ ይሁን፣ ላዩ ላይ የግቢው ስም ይጻፍበት፤ በር ላይ ተቀምጦ፣ ደጅ ተንኳኩቶ፣ ራቅ ተብሎ ሰላምታ ይሰጥ። ወረርሽኝ ባለ ጊዜ ጉርሻው ይቅር፣ ትሪው አይጋራ። ፍቅራችን በምሳ ዕቃውም ይደርሳል።

እናቶችና እህቶች፣ ከእናንተ ደግሞ ሙያችሁን እንፈልጋለን።

በማላኪያ በደባልነት ከሚኖሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ማጀት ሳይገቡ ያደጉ ናቸው። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ብስኩትና ሻይ ይቀራቸዋል። የዚህ ጥፋት የእነሱ ብቻ አይደለም፤ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን። አሁን እናስተምራቸው። እያንዳንዷ ባለሙያ አንድ አሠራር በድምፅ ቀድታ በቴሌግራም ትላክ፤ አጭር፣ ግልጽ፣ በዚሁ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ በሚገኝ ነገር የሚሠራ። ጤፍ ሲጠፋ በማሽላ ዱቄት እንዴት እንደሚጋገር፤ በዚህ ሙቀት ሊጡ ከአዲስ አበባ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚኮመጥጥና አብሲቱ መቼ እንደሚገባ፤ የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንዴት ድርቆሽ እንደሚሆን፤ ድርቆሹ ያለ ቅቤ፣ በሽንኩርት፣ በዘይትና በበርበሬ ብቻ እንዴት ጥሩ ፍርፍር እንደሚወጣው።

እኛም በአንዱ እንጀምር። ለታመመ ሰው አጥሚት፦ አንድ እፍኝ የማሽላ ወይም የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፤ ጓጉሎ እንዳይቀር በደንብ አሽሹት። ለብቻው በፈላ ውኃ ላይ በቀስታ እየጨመራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። እሳቱን ቀንሱና የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ ይንተክተክ። ጨው በቁንጥር፤ ስኳር ወይም ማር ካለ በልክ። ከማንኪያው ላይ እንደ ወተት የሚፈስ መሆን አለበት፤ ከጠነከረ የፈላ ውኃ ጨምሩበት። ይህን መሥራት የማያውቅ አንድም ወጣት በማላኪያ አይኑር።

ጎረቤቶቻችንንም አንርሳ። የማላኪያ እናቶች ኪስራቸውን ከማሽላ ሊጥ አቡክተው በምጣድ ሲጋግሩ ያየ ሐበሻ ባዕድ ነገር አላየም። አሲዳቸው የገንፏችን እህት ናት። ቅጠላ ቅጠሉን በተፈጨ ኦቾሎኒ ሲሠሩት ደግሞ ለጾም ወራት ከእነሱ የምንማረው ሙያ ነው። ከእነሱ መካከል በስደት ዘመናቸው ኢታንግ፣ ጋምቤላና አዲስ አበባ የኖሩ፣ በአማርኛ የሚመልሱልን አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ዝርዝራችን ውስጥ እነሱም ይግቡ፤ ሽሮ እንላክ፣ ኪስራ እንቀበል።

«ለራሴም አልበቃኝ» የምትሉ አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። የሚጠየቀው ግን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጭልፋ ማትረፍ ነው። በር ሲዘጋ በስድስቱ ቀን ሌላው ለእናንተ ያተርፋል። «ስብሰባና ኮሚቴ ሰልችቶናል» የምትሉም አላችሁ። እኛም ሰልችቶናል። ስለዚህ ሊቀ መንበር፣ ማኅተምና ደረሰኝ አንጠይቅም። ደብተር፣ ስልክና ድስት ይበቃል።

ሥራው ዛሬ ማታ ይጀመራል። የግቢያችሁን ሰዎች ቁጠሩ፤ ብቻውን የሚኖረውን ለዩ፤ በሩን አንኳኩ፤ ስሙን ጻፉ። እስከሚመጣው እሑድ ከስድስት ግቢ ጋር ተቧደኑ፤ እሑድ የመጀመሪያው ድስት ይጣድ። የሚቀጥለው አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር ሌላው ሰው ወደ ገበያ ይሩጥ፤ በማላኪያ ግን ሰኞ የማን ተራ እንደሆነ ሕፃኑ ሳይቀር ይወቅ።