ለሆሞሻ መቃብሮች ወሰንና መዝገብ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ ተነስቶ ወደ ኩርሙክ የሚጓዝ ሰው ሆሞሻን ሲያልፍ ገበያውንና መስጊዱን ሳይጠይቅ ያያል። መቃብሩን ግን የሚያሳየው ሰው ካላገኘ አያየውም። የአካባቢው ሙስሊም በሃይማኖቱ ሥርዓት ሟቹን ከፍኖ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ይቀብራል። ከላይ የሚቀረው ስንዝር ያህል ከፍ ያለ አፈርና ራስጌው ላይ የተተከለ ድንጋይ ነው። ያንን አፈር ክረምቱ ዓመት በዓመት ያጥበዋል፤ ሳርና ቀርከሃ ይወርሰዋል። ሁለት ትውልድ ሲያልፍ የመቃብሩን ድንጋይ ከሜዳው ድንጋይ ለይቶ የሚያውቀው ሽማግሌ ብቻ ይሆናል። ሽማግሌውም ተራው ሲደርስ እውቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ዛሬ ይህን የማነሳው ጊዜው ስለጠበበ ነው። አሶሳ እየሰፋች ነው። በኩርሙክ በኩል ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት መጥቷል። ከእሱም ጋር መንገድ፣ ካምፕ፣ መጋዘንና ቤት ፈላጊ ይመጣል። መሬት ዋጋ ባወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወሰደው ባለቤት የሌለው የሚመስለው ቦታ ነው። አጥር የሌለው አሮጌ መቃብር ደግሞ ለቀያሽም ሆነ ለዶዘር ነጂ ባዶ ሜዳ ነው።

በዚህ አፈር ሥር ያለው ታሪክ ግን ባዶ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢው በሦስት ሼሆች ግዛት የተከፈለ ነበር፤ አቆልዲ የሚባለው የአሶሳ ግዛት፣ ቤላ ሻንጉልና ሆሞሻ። ለወርቁና ለባሪያው ሲሉ ብዙዎች ተመላልሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የወረረው የግብፅ ጦር እጁን እስከዚህ ኮረብታ ዘርግቷል፤ በኋላም የሱዳን ማህዲስቶች መጥተዋል። በ1890 የራስ መኮንን ዘመቻ ሦስቱን ግዛቶች ወደ ምኒልክ መንግሥት ሲያጠቃልል፣ የቤላ ሻንጉሉ አብዱራህማን ሆጀሌና የሆሞሻው ሼህ ተዋግተዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ደግሞ ድንበር ተሰመረ። የበርታ ሕዝብ በወዲህም በወዲያም ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ መቃብርም በሁለት አገር ተከፈለ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች መታሰቢያ ያገኙት በጣት ይቆጠራሉ። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባል። ነገር ግን ለግብር የሚሄደውን ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ውስጥ ያጠቡት እናቶች የት አረፉ? በባሪያ ንግድ ከየመንደራቸው ተነድተው በመንገድ የቀሩትስ? ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ነው። ከዚያ በፊት የወደቁት ሰዎች በቤተ መንግሥትም በሰነድም አይታወሱም። ለእነሱ የቀረ ነገር ካለ በሽማግሌዎች አፍ የሚነገር አንድ ጥግ፣ አንድ የዛፍ ሥር ነው። የሼሁን ቤት ጠብቀን ያንን ጥግ ካጠፋን፣ ለልጆቻችን ያወረስነው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው።

በ1933 ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ጦር በዚህ ምድር አለፈ። በቤልጂየም ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የኮንጎ ወታደሮች በሱዳን በኩል ገብተው መጋቢት 2 ቀን አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቀቁ፤ ከዚያም ወደ ጋምቤላና ደምቢዶሎ አቀኑ። ስለ አርበኝነትና ስለ ነፃነት ስናወራ እነዚህን አፍሪካውያን ወንድሞች የሚያነሳቸው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ዘመቻ በጥይትም በበሽታም ያለቁ ነበሩ፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ አፈር ውስጥ የእነሱም ድርሻ አለ።

ከዚያ 1977 መጣ። ድርቅ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ያፈናቀላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሠፈራ ፕሮግራም አሶሳ አካባቢ ሰፈሩ። መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ፤ እንደ መገሌ 32 ያሉት ቁጥራቸውን እስከ ዛሬ ይዘዋል። ሠፋሪዎቹ ከደጋ ወርደው ለወባ የተጋለጡ፣ በረሃብ የተዳከሙ ነበሩና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መከራ ከባድ ነበር። እትብታቸው ወሎ የተቀበረ ሰዎች አጥንታቸው አሶሳ አረፈ። ከአገራቸው ይዘውት ከመጡት ነገር አንዱ ቅሬ ነው። ሬሳ የሚያነሳው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ቅሬ በማያውቁት አገር ጎረቤት ለጎረቤት አስተሳሰራቸው። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሙስሊሙ በመስጊድ አጠገብ ወይም በመንደር ዳር ሟቹን ቀበረ። አርባ ዓመት ሞላው። ዛሬ በዚያ የሚኖረው ወጣት የአያቱ መቃብር ያለው እዚሁ ነው፤ አገሩም ይኸው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይም አላበቃም። በሆሞሻ ወረዳ በ1989 የሸርቆሌ፣ በ2007 የጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች ተከፍተዋል። ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያ ወልደዋል፣ ድረዋል፣ ቀብረዋል። ስደተኛ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ዕቃውን ይጭናል፤ መቃብሩን ግን ለእኛ አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። የሰላም ቀን ሲመጣ ከብሉ ናይል ወይም ከደቡብ ሱዳን ተነስቶ የእናቱን መቃብር ለመዘየር የሚመጣ ልጅ ይኖራል። ያን ቀን ምን እናሳየዋለን?

አንዳንድ ሰው እስልምና በመቃብር ላይ መገንባትን ስለማይወድ የዚህን ሕዝብ መቃብር እንደ ቅርስ ማሰብ ከሃይማኖቱ ይጋጫል ሊል ይችላል። ሥጋቱን አከብራለሁ። ሐውልትና እብነ በረድ ይቁም የሚል ሐሳብም የለኝም። ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው የባልደረባቸውን የዑስማን ኢብን መዝዑንን መቃብር ለይተው ለማወቅ ራስጌው ላይ ድንጋይ ማስቀመጣቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ማወቅና ማክበር አንድ ነገር ነው፤ በመቃብር ላይ መገንባት ሌላ ነገር ነው። ለሆሞሻ የሚስማማው መንገድ መቃብሩን ራሱን ሳይነኩ ዙሪያውን መከለልና የሟቾቹን ስም በመዝገብ ማኖር ነው። ይህ ሥርዓቱን አይነካም፤ ወጪውም ከአቅም በላይ አይደለም።

መቃብር ምን ያህል እንደሚመዝን አገራችን በራሷ ላይ አይታዋለች። ደርግ ለንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መቃብር ነፈጋቸው። በቤተ መንግሥት ግቢ ተደብቆ የነበረው አጽማቸው በ1984 ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ህዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑት ባለሥልጣናት አጽምም ከጅምላ ጉድጓድ ወጥቶ በክብር ተቀብሯል። ቤተሰቦቻቸው ያን ያህል ዓመት የጠበቁት የሚያለቅሱበት ቦታ ስላጡ ነው። የታላላቆቹን ሐዘን የተረዳ አገር የሆሞሻን ገበሬ ሐዘን መረዳት አያቅተውም።

ጎረቤታችን ሱዳንም ያስተማረችን አለ። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሃልፋን ሊውጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑባውያን አገራቸውን ለቀው ወደ ኻሽም አል ጊርባ ተጋዙ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ መቃብራቸው ወጥተው አልቅሰዋል፤ መቃብሩንም ውኃ ረጭተው ተሰናብተዋል። በዚያው ዘመን ዓለም ገንዘብ አዋጥቶ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ ከፍ ወዳለ ቦታ አንስቷል፤ የቡሄን ቤተ መቅደስም ወደ ካርቱም ተወስዷል። የተራው ሰው መቃብር ግን ከውኃው ሥር ቀረ። የፈርዖኖቹ መዳን ትክክል ነበር። ጥፋቱ ለተራው ሰው ቢያንስ የስም መዝገብ አለመታሰቡ ነው። ታላላቅ ልማት በሚካሄድበት በእኛ ክልል ይህን ማሰብ ግዴታችን ነው። ልማቱ እንዲቆም አልጠይቅም፤ መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት ሽማግሌው እንዲጠየቅ እጠይቃለሁ።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል የመቃብር ቦታ ይገኛል። በቁፋሮ ላይ ሳለ ቅርስ ያጋጠመው ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅም ያዝዛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሐምሌ 30 ቀን 2008 በአገር ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍር ሥርዓት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ማሻሻያ መሠረትም ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኞች በዚሁ ምዝገባ ታቅፈዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚሞት ሰው መዝገብ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። መዝገብ ያጡት ከዚያ በፊት የሞቱት ናቸው፤ የእነሱ መዝገብ ደግሞ ያለው በሽማግሌዎች ትውስታ ውስጥ ነው።

ሥራው በሦስት እርከን ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ የወረዳው የመሬት ባለሙያ ከመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤዎች፣ ከቅሬ ዳኞችና ከስደተኞች ተወካዮች ጋር ሆኖ አሮጌ መቃብሮችን ይዙር፤ ወሰናቸውን ይለካ፤ በከተማ ፕላንና በቀበሌ ካርታ ላይ ያስፍር። አጥሩ ውድ መሆን የለበትም፤ ማኅበረሰቡ የሚተክለው የቁም አጥር ይበቃል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ መቃብር ላይ ቢያንስ ሦስት አዋቂ ሰዎች ተቀምጠው ማን የት እንደተቀበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ዘመን እንደሞተ ይናገሩ። ሴቶች በጉባኤው መኖር አለባቸው፤ የልጆችንና በወሊድ የሞቱ እናቶችን መቃብር አብዝተው የሚያስታውሱት እነሱ ናቸውና። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹንና ተማሪዎቹን ቢልክ፣ ቃሉን በበርትኛም በአማርኛም በአረብኛም ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በሦስተኛ ደረጃ ማንኛውም የመንገድ፣ የማዕድንና የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ካርታ ይታይ።

መቃብር ማንሳት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ያኔም ቤተሰቡ ቀድሞ ይጠየቅ፤ የሃይማኖት አባቶች ሥርዓቱን ያስፈጽሙ፤ አጽሙ ያረፈበት አዲስ ቦታ ይመዝገብ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር ለሕያውም ለሙትም ግፍ ነው።

በርታው፣ ከወሎ የመጣው ሠፋሪና ከሱዳን የሸሸው ስደተኛ በሕይወት ሳሉ በመሬት፣ በውኃና በሥራ ይፎካከሩ ይሆናል። ሙታኖቻቸውን ግን አንድ አፈር ተቀብሏቸዋል። በአንድ ካርታ ላይ የሁሉንም መቃብር እኩል ያከበረ ወረዳ ለሕያዋኑም እኩልነትን በተግባር ያስተምራል። በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት ሰው በማንነቱ ሲገደልና ሲፈናቀል አይተናል። የሌላውን ሙት ማክበር የለመደ ሰው በሕያው ወንድሙ ላይ እጁን ለማንሳት ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሆሞሻ ወረዳ ምክር ቤት የመቃብሮቹን ልየታና ምዝገባ በዕቅዱ ያካትት፤ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ባለሙያ ይመድብ። የሁለቱም እምነት አባቶች በጁምዓና በሰንበት ሕዝባቸውን ይቀስቅሱ። የቦታውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ሥራው መጀመር ያለበት እነሱ በሕይወት ሳሉ ነው።